ጋኔኑን ለማስፈራት የተሳለ ሥዕል

(ደሴ ውስጥ ለወጣት ሠዓሊዎችና ለኮሚክ አንባቢዎች ካደረግሁት ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድና በዚህ ጉም ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ደሴ ናት እንግዲህ። ከበር ወጣ እንዳላችሁ ከፊታችሁ የሚሄደው ሰው ከወገቡ በታች ይጠፋል። ለሆረር፣ ማለትም ለአስፈሪ ታሪክ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ከተማ የት ይገኛል? ግማሹን ሥራ ጉሙ ይሠራልኛል።

ሥራዬ ኮሚክ ነው። በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ። ከኮሚክም የምወደው አስፈሪውን ነው። ስለዚህ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «አንተ ልጅ፣ ምነው ደህና ነገር ብትስል? ሰይጣን መሳል ምን ይጠቅምሃል?» እናቴ ትለኛለች። ጎረቤት ይለኛል። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳልኝ ልጅ እንኳ አንዳንዴ ገጾቹን ገልብጦ በጀርባቸው ነው የሚቆጥርልኝ።

ዛሬ የማወራው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆነኝ ነው። አስፈሪ ሥዕል ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። እዚሁ ነበረ። ሥራም ነበረው።

ክታብ የማያውቅ እዚህ የለም። በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። ውስጡን ያያችሁ ግን ጥቂት ናችሁ። ትልቁ ዓይነት ረጅም የብራና ጥቅልል ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። ቁራጮቹ እየተሰፉ ይቀጣጠላሉ። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፣ መክፈቻውና የቅዱሳኑ ስም በቀይ። የባለቤቱ የክርስትና ስም በየመሐሉ ይገባል። ከጽሑፉ መካከል ደግሞ ሥዕል አለ። ጠልሰም ነው የሚባለው።

ጠልሰሙ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ዓይን ነው። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ መሐሉ ላይ ፊት፣ በየክንፉ ዓይን። መረብ የመሰለ ሐረግ፣ በየቀዳዳው ዓይን። ጥቁር ክብ፣ ዙሪያው ነጭ፣ ከዚያ ወፍራም መስመር። ሁሉም ፊት ለፊት ያፈጥጣል። ጥቅልሉን ወደ ቀኝ ብትሉት ወደ ግራ ብትሉት ከዓይኑ አታመልጡም።

ይህ ሥዕል ለማን የተሳለ ይመስላችኋል? ለእኛ አይደለም። ታማሚው ሥዕሉን ያያል። በታማሚው ዓይን በኩል ውስጡ ያለው ጋኔንም ያየዋል። አይቶ ይደነግጣል፣ ለቆ ይወጣል። ሐሳቡ ይህ ነው። ደብተራው ብዕሩን ሲያነሳ የሚያስበው ተመልካች ጋኔኑ ነው። ማስፈራት ያለበት እሱን ነው።

እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ለጥያቄው አላፍርም። የዚህ አገር የመጀመሪያው ሆረር ሠዓሊ ሰው ሊያስፈራ አልተነሳም። ሰው የሚያስፈራውን ነገር መልሶ ሊያስፈራ ነው የተነሳው። ወርዘልያን ታውቋታላችሁ፣ አራስ ልጅ የምትገድለውን። በጥቅልሉ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት ትሳላለች። እሷ ራሷ ካልተሳለች ግን ጦሩ የሚያርፍበት የለም። ስለዚህ ጥሩ አድርጎ መሳል ግድ ነው፣ ጸጉሯን፣ ጥፍሯን፣ ሁሉንም።

ወሎ ነውና ይህ ነገር በአንድ በኩል ብቻ አይቆምም። በእኛ ሠፈር አንዱ ቤት ከደብተራ ክታብ ያሠራል፣ ቀጥሎ ያለው ቤት ከሼኹ ያስጽፋል። አንዱ ጋር ጋኔን የሚባለው ሌላው ጋር ጅኒ ነው። ማታ ቡና ላይ ሲወራ ግን ማን የማንን ተረት እንደሚያወራ አይታወቅም። ጅኒው ገደል አፋፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጋኔኑ ወራጅ ውሃ ዳር። ልጅ ሆኖ ለሚሰማ ሁለቱም ከሽንት ቤቱ መንገድ ላይ ናቸው። ለሠዓሊ ይህ ሀብት ነው። ከሁለት ጎተራ ነው የምዝቀው።

ወደ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ልውሰዳችሁ። በጥንቱ አሣሣል ብዙ ጊዜ ደጋጎቹ ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ሁለት ዓይን ይዘው። ክፉዎቹ በጎን ይሳላሉ፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳን ፈልጋችሁ እዩት። ክፉው አይመለከታችሁም። ዘወር ብሏል።

እኔ ይህንን ሕግ ሰርቄ አጣምሜዋለሁ። ገጸ ባሕሪዬ ክፉ ከሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጎን ነው የምስለው። ሲበላ በጎን። ሲስቅ በጎን። አንባቢው ልብ አይለውም። ከዚያ አንድ ሣጥን ላይ ይዞራል። ያኔ ጠልሰሙ ይመጣል፣ ሁለቱም ዓይን፣ ጥቁር ክብ፣ ያለ ሽፋሽፍት። ደም የለም፣ ጥርስ የለም። ዞረ፣ አለቀ። ካነበቡት ሰዎች መካከል «እዚያ ጋ ስልኬን ጣልኩት» ያለኝ አለ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልጠብቅም።

በላዔ ሰብእም አለ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ ቤተሰቡን ሳይቀር። አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ እፍኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛኑ ቀን እሷ ጥላዋን ጣለችበትና ያቺ እፍኝ ውሃ መዘነች። ይህ በየግድግዳው ተስሏል። ሲበላ፣ ሲያጠጣ፣ ሲመዘን ጎን ለጎን። በሣጥን መከፋፈልን ከአሜሪካ የተማርን የሚመስለው ሰው ይህንን ይይ። የንግሥት ሳባንም ታሪክ እዩ፣ ሸራው ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ የተከፈለ ነው። አንብቡት ተብሎ የተሠራ ነው።

አሜሪካኖቹን ካነሳን አይቀር፣ እነሱም ሠዓሊዎቻቸውን «ለምን ሰይጣን ትስላላችሁ» ብለዋል። ያውም በሸንጎ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሆረር ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ ጉዳዩ ሴኔት ድረስ ሄደ። ፍሬድሪክ ዌርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም በዚያው ዓመት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። አሳታሚዎቹ ፈሩ። መንግሥት ሳይቀድማቸው ራሳቸው ደንብ አወጡ። «ሆረር» የሚለው ቃል ርዕስ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ደም መጣጭና የሞተ ሰው ተነሥቶ መሄድ ተከለከለ። በታሪኩ መጨረሻም ደጉ ማሸነፍ፣ ጥፋተኛውም መቀጣት አለበት ተባለ። ደንቡ በ1971 ላላ ተደረገ፣ የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች የተዉት ግን በ2011 ነው።

ያንን ደንብ ሳነብ የመጣብኝ በላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰው በልቶ ገነት የገባ ሰው በዚያ ደንብ አያልፍም! የእኛ ግድግዳ ኒው ዮርክ ውስጥ ቢታተም ኖሮ ይታገድ ነበር።

አሁን ከማን ተማርክ ለሚለው። ፍራንክሊን ቡዝ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። ኢንዲያና ውስጥ እርሻ ላይ ያደገ ልጅ። መጽሔት ላይ የሚያየውን ሥዕል እየገለበጠ ራሱን አስተማረ። ሥዕሎቹ እንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ነበሩ። እሱ በብዕር የተሳሉ መስሎት እያንዳንዷን ጭረት በብዕር አስመሰላት። በዚያ ምክንያት የማንም ያልሆነ እጅ ወጣለት።

ይህን ታሪክ የምወደው ፎቶ ኮፒን ስለሚያስታውሰኝ ነው። በልጅነቴ ኮሚክ እጄ የገባው በፎቶ ኮፒ ነው። ያውም የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ። በየዙሩ ግራጫው እያለቀ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ብቻ ይቀራል። ጉንጭ ላይ የነበረው ስስ ጥላ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ከሁለት ዓይን አንዱ ይዋጣል። ግድግዳው ከሰውየው ጋር ይቀላቀላል። እኔ የወደድኩት ያንን ነው። ዛሬ ገጾቼን የሚያይ ሰው «ጥቁር አበዛህ» ይለኛል። ማሽኑ ነው ያስተማረኝ።

ከቡዝ ሥዕሎች የተማረው በርኒ ራይትሰን ነው ለእኔ ትልቁ። የፍራንከንስታይንን ልብ ወለድ፣ አንድ ሳይንቲስት በላቦራቶሪው ጭራቅ የሚፈጥርበትን፣ በብዕር ሥዕል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ሥዕሎቹ ሃምሳ ገደማ ናቸው። ሰባት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፣ ለዳቦ የሚሠራውን እየሠራ በትርፍ ጊዜው። በዚያ ላቦራቶሪ ሥዕል ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ለመቁጠር ሞክሩ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ብርሃን አለ። ሰው ለጭራቅ ይህን ያህል ሲደክምለት ጭራቁ ያሳዝናል። ራይትሰን ጭራቁን ይወደዋል። ከእሱ የወሰድኩት ይህንን ነው፣ መስመሩንማ ማን ይደርስበታል።

ጁንጂ ኢቶ ደግሞ ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ተወለደ። ኮሚክ ሳይጀምር የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። አያስታውቅም ትላላችሁ? የሰው አፍ ሲስል እዩት። ኢቶ መጀመሪያ ተራ ነገር ያሳያችኋል። ተማሪ፣ ጎዳና፣ የመብራት ሽቦ። ሁሉም ንጹሕ፣ በቀጭን መስመር። እስክትለምዱት ይጠብቃል። ከዚያ ገጽ ትገልጣላችሁ።

ከራሳችን ሰው ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎስያንን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) አነሳለሁ። ፓሪስ ኖረ፣ አሜሪካ አስተማረ፣ ሄዶ ሄዶ ግን ወደ ብራናውና ወደ ጠልሰሙ ነው የተመለሰው። ኮሚክ ሠሪ አልነበረም። ሥራዎቹ ላይ ያሉትን ዓይኖች ያየ ሰው ግን ከየት እንደመጡ አይጠፋውም። ዘመናዊ ለመሆን ክታቡን መጣል እንደማያስፈልግ ለእኔ ያሳየኝ እሱ ነው።

የሐይቅን ታሪክ እንዴት እንደሠራሁት ላሳያችሁ። አፈ ታሪኩን ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ መስማት ትችላላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ትበደላለች። በዳይዋ ልዕልት ናት። ፈራጅ ይጠፋል። እግዚአብሔር ይቆጣና በሴትዮዋ ዙሪያ ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ይሆናል። ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዷ ትጠፋለች። ሴትዮዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ትቀራለች። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ማዕበል መሳል ነው። ማዕበል ግን ሲኒማ ነው። ወረቀት ላይ አያስፈራም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገጽ ግብር አደረግሁት። ሳቅ፣ ጠጅ፣ ቁርጥ። መጨረሻ ሣጥን ላይ የምንጣፉ ጫፍ ጠቆር ብሏል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አሳላፊው ሲያልፍ ባዶ እግሩ ወለሉ ላይ እርጥብ ዱካ ይተዋል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሕፃን መዳፏን መሬት ላይ አድርጋ ታነሳዋለች። ይንጠባጠባል። እናቷን ቀና ብላ ታያለች። እናትየው እየሳቀች ነው። አራተኛው ገጽ ሙሉውን ነፍሰ ጡሯ ናት። ደረቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። አምስተኛው ላይ ልዕልቲቱ ሳቋን ታቆማለች። እስካሁን በጎን ነበር የሳልኳት። አሁን ወደ እኛ ዞረች። አፏን ከፈተች።

ትገልጣላችሁ። ግራና ቀኙ ገጽ ሐይቅ ብቻ ነው። ፀሐይ አለ። አንድ ወፍ አለ።

አምስተኛው ገጽ በቀኝ በኩል መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። መጽሐፋችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በቀኝ ይውላል። የቀኙ ገጽ የመጨረሻ ሣጥን ሰው ጣቱን ወረቀት ላይ አድርጎ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ጥያቄው እዚያ ይቀመጣል፣ መልሱ ከጀርባ። መልሱን በቀኝ ገጽ ላይ ካደረጋችሁት ዓይን ቀድሞ ያየዋል፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ ማለት ነው።

በስልክ ለሚያነቡት ይህ አይሠራም። ቴሌግራም ላይ ስለቅ ገጽ የለም፣ መሳብ ነው ያለው። እዚያ ድንጋጤውን የምሠራው በባዶ ቦታ ነው። ከሣጥን በታች ረጅም ጥቁር እተዋለሁ። አውራ ጣት ይስባል፣ ምንም የለም። ይስባል፣ አሁንም የለም። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ይመጣል።

የማልስለውም አለ። ቡዳን የሰው መልክ ሰጥቼ አልስልም። ጓደኞቼ በዚህ ይከራከሩኛል። «ምን የመሰለ ታሪክ! ማታ ጅብ የሚሆን ሰው!» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ታሪኩ ያጓጓል። ግን ያ ጅብ ማን ነበር? አንጥረኛው ነው። ሸክላ ሠሪዋ ናት። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው። ማረሻውን ከእሱ ገዝተን፣ እንጀራውን በእሷ ምጣድ ጋግረን፣ ልጃችንን ግን አንድርላቸውም አልን። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው በእነሱ ላይ ነበር። ሰው ተገሏል፣ ተደብድቧል። ወርዘልያ ጎረቤት የላትም፣ ብስላት የሚጎዳ ሰው የለም። ቡዳ ግን ስም ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ እኔም በእጄ ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ፣ ዘመኑ ቢሆን ኖሮ ጅቡ እኔ ነበርኩ።

ጅብ ግን እስላለሁ። ጅብ ጅብ ሲሆን። ከጦሳ ተራራ በኩል ሌሊት ሲጮህ የሰማ ሰው ይህን አይነፍገኝም።

ወደ ዕቃው እንምጣ፣ ወጣቶቹ የሚጠብቁት እሱን ነው። ወረቀት ኤ3 ነው የምሠራበት፣ ሲታተም ወደ ኤ4 ይወርዳል። ሥዕል ሲያንስ ይጠብቃል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይደበቃል። መስመርም ይቀጥናል፣ ስለዚህ እጅግ ቀጭን ብዕር አትጠቀሙ፣ ፎቶ ኮፒው ይበላዋል። ማይክሮን ከሚባሉት ብዕሮች 01 የሚለው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ 08 ደግሞ 0.5። ከሁለቱ በቀር ሌላ አልገዛም። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፣ መስመሩ ጸጉር ያወጣል። እኔ ማተሚያ ቤት ሄጄ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ከሚሠሩበት ወረቀት ቁርጥራጭ እለምናለሁ። ወፍራም ነው፣ በላጲስ ቢታሽ አይላጥም።

ብሩሽ ቁጥር 2። ጫፉ ከተበታተነ አትጣሉት፣ ለጢምና ለጅብ ጸጉር ይሆናል። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ቀለም ነክራችሁ በአውራ ጣት ብትረጩት ለጉምም ለዝናብም ይሆናል። ምላጭ አለ። ጥቁሩ ከደረቀ በኋላ በምላጭ ጫፍ ስትፍቁት በጨለማ ውስጥ ነጭ ጭረት ይወጣል፣ ለድር፣ ለሽበት። ፍሉይድ ለስህተት ብቻ። በክረምት ደሴ ላይ ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ እጃችሁን ከሥዕሉ ላይ አንሱ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ።

ታብሌት አለኝ። ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ይበቃል። ማስተካከያና ማተሚያ ላይ እጠቀምበታለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ብዕሩ ይሻላል።

ጽሑፉን በእጄ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፊደሎች ጭራቁን የቀበሌ ደብዳቤ ያስመስሉታል። የእኛ ቃል ረጅም ነው፣ ባብል ውስጥ፣ ንግግሩ በሚጻፍበት ክብ ውስጥ፣ አይታጠፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን አስቀምጣለሁ፣ ሰውየውን በተረፈው ቦታ እስላለሁ። ድምፅ ሲሆን ደግሞ ጀማሪ ሁሉ «ዷ!»ን በትልቁ መጻፍ ይወዳል። እኔ «ኮሽ» የምትለውን በጣም በትንሹ፣ ሣጥኑ ጥግ ላይ፣ አንባቢው ሊስታት በሚችልበት ቦታ እጽፋታለሁ። ያዩዋት ሰዎች ተመልሰው ያነቧታል።

ስለ ጥቁር ትንሽ ልጨምር። ላሊበላ ሄዳችሁ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል በምድር ውስጥ የሚያልፈውን ዋሻ ታውቃላችሁ? የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። መብራት ሳታበሩ ነው የሚታለፈው። እጃችሁ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው እጅ ከራስ በላይ። ትንሽ እንደሄዳችሁ ዓይናችሁ ተከፈተም ተጨፈነም ልዩነት የለውም። ከዚያ የሚሠራው እጅ ነው፣ ጆሮ ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ትንፋሽ ነው። ከዚያ ወጥቼ ድፍን ጥቁር ሣጥን ለመሳል ድፍረት አገኘሁ። ሦስት ጥቁር ሣጥን ተከታትሎ፣ ውስጡ ንግግር ብቻ። አንባቢ ገንዘቤን ይመልስልኝ ያለኝ የለም።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ዋሻ ውስጥ የተሠራ፣ እንጨትና ነጭ ግድግዳ በተራ በተራ የተደረደረበት ቤተክርስቲያን። ከጀርባው፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች አስከሬን አለ፣ በሺዎች ይቆጠራል ይባላል። ቆዳቸው የደረቀ፣ እግራቸው የሚታይ። ስደርስ ደብተሬ በእጄ ነበር። አልሳልኩም። እዚያ የተኙት ለመባረክ ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ የማንም መደንገጫ አይደሉም። የሳልኩት ግድግዳውን ነው፣ ነጩንና ጥቁሩን ረድፍ። አሁን ሣጥኖቼን ሳሰምር ከዚያ ረድፍ የተማርኩት ልኬት አለ፣ ሰፊ ነጭ፣ ጠባብ ጥቁር።

ይህን ስጨርስ ጥያቄ ተጀመረ። አብዛኛው «እንጀራ ይሆናል ወይ» ነበር። በሆረር ብቻ አይሆንም። የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራለሁ፣ ጥንቸልና ዝንጀሮ። ጥንቸሎቼ ትንሽ ያፈጥጣሉ ተብዬ አውቃለሁ።

አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ ይህን ሲያነብ ሌሊት ይባንንብኛል፣ ምን ላድርግ?» አሉ። «አባቴ፣ በቀን ያንብበው፣ እርስዎም አብረው ያንብቡለት» አልኳቸው። ለትንንሽ ልጆች እንዳልሆነ ሽፋኑ ላይ እጽፋለሁ። ይህ ግዴታዬ ነው፣ በዚህ ከዌርታም ጋር አልጣላም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ተማሪ ቀለም ውድ ነው፣ እቤት መሥራት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች። ይቻላል። የሚሸጠውም ቀለም ጥላሸትና ማጣበቂያ ነው፣ የገዳሙም ቀለም መሠረቱ ያው ነው። የእኔን አሠራር ልንገራችሁ። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ይዘፈዘፍና ያድራል፣ ጠዋት በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ኩራዝ አብርታችሁ የብረት ማንኪያ ከነበልባሉ ጫፍ ላይ ያዙ፣ መስኮት ይከፈት። የተሰበሰበውን ጥላሸት በላባ ጠረግ አድርጉ። ጥላሸት ውሃ አይወድም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠብታ አረቄ ጣል አድርጉበት። አረቄ የማይገባበት ቤት ከሆነ የፋርማሲ አልኮል ያው ነው። ከዚያ ሙጫውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ሳህን ላይ በማንኪያ ጀርባ እሹት፣ ክንዳችሁ እስኪዝል። ቶሎ የተወ ሰው ቀለሙ ግራጫ ነው የሚሆንበት። እንዳይሻግት ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጠርሙሱ ውስጥ ይጣላል። በብሩሽና በመቃ ብዕር ይሠራል። ማይክሮን ውስጥ ግን እንዳትጨምሩት፣ ይደፈንባችኋል።